ስለ ሰደድ እሳት ጢስና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

አንዲት ብልኅ የቤት እመቤት ለቤተ ሰቧ የሚሆነውን እህል ሳትለቅም አታስፈጭም፤ ዱቄቱን ሳትነፋ አታቦካም፤ ውሃውንም የተጠራጠረችው እንደ ሆነ ሳታፈላና ሳታጠልል ለልጆቿ አታጠጣም። ነገር ግን ሰው ከሚበላውና ከሚጠጣው ይልቅ አብዝቶ የሚወስደው አየርን ነው። አንድ ሙሉ ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ውስጥ ዐሥር ሺ ሊትር ያህል አየር ወደ ሳምባው ያስገባል። እህሉን ስትለቅም ውሃውን ስታጠልል የምትውለው እመቤት ግን አየሩን ማን ለቅሞት ማን አጥልሎት ወደ ቤቷ እንደ ገባ ጠይቃ አታውቅም፤ አየር አይታይምና።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የሰደድ እሳት ጢስ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት፤ ይህንንም ጕዳት ለማወቅ በአሜሪካን አገር ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚደክሙትን ድካም፤ ከድካማቸውም ለቤተ ሰብ የተገኘውን ጥቅም ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን። ነገሩ ሲጀመር የሩቅ አገር ነገር ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን እስከ ማድ ቤታችን የሚደርስ መሆኑን ከታች እናሳያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በካሊፎርኒያ ግዛት በስተሰሜን በኩል ፓራዳይዝ የምትባል በጥድ ዛፍ የተከበበች ትንሽ ከተማ አለች፤ የስሟም ትርጓሜ ገነት ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ኖቬምበር 8 ቀን በአካባቢዋ የተነሣው ሰደድ እሳት በብርቱ ነፋስ እየተገፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማይቱን በላት። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18 ሺ የሚበልጥ ቤትና ልዩ ልዩ ሕንፃ ዐመድ ሆነ። እሳቱ በዚያው በተራራው አገር ቀረ፤ ጢሱ ግን አልቀረም። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ ከተሞች ላይ ወረደና ሁለት ሳምንት ያህል ተኛባቸው። ኦክላንድ ብዙ የአገራችን ተወላጆች ልጅ ወልደው ኑሮ መሥርተው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በኖቬምበር 16 ቀን በዚያ አውራጃ የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እሳቱን በዐይናቸው ያላዩት እናቶችም ልጆቻቸውን ከቤት አስገብተው መስኮቱን ዘጉ።

በዚህ ጊዜ በየቤቱ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንደኛው፤ መስኮቱን ከዘጋን በኋላ በቤት ውስጥ ያለው አየር ንጹሕ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛውም፤ ጢሱ ተገልጦ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ነገሩ አብሮ ያልቃልን? ወይስ በልጆቻችን ሳምባ ውስጥ የሚቀር ነገር አለ? የሚል ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከሚደክሙት መካከል ብዙዎቹ ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣ ተማሪዎች ናቸው። በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባቡንና ዜማውን የጨረሰ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት፤ ቅኔውን ያወቀም ወደ መጻሕፍት ቤት እየተሻገረ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር እንደሚዞር፤ በዚያም አገር የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ የተቀበለ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ለመማር ሲወድ ለማስተርና ለዶክቶር ማዕርግ ከአንድ ሊቅ ሥር ይቀመጣል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሌላው የተቀኘውን የራሱ አስመስሎ ሊያቀርብ እንደማይችልና በየጊዜው አዲስ ቅኔ መቍጠር እንዳለበት ሁሉ፤ እነዚህም ተማሪዎች ከእነርሱ አስቀድሞ ማንም ያልመረመረውን አንድ ነገር መርምረው ሳያመጡ ማዕርጉን አያገኙም። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሰደድ እሳትን ጢስ መርጠዋል።

ሥራቸውም ቀላል አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና ተማሪዎች ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከመጡ ባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው፤ ሲ 130 በሚባል ትልቅ አይሮፕላን ውስጥ የመመርመሪያ መሣሪያቸውን ጭነው በአይዳሆ ግዛት ከቦይዚ ከተማ እየተነሡ ወደ ጢሱ መካከል ይገቡ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ከጢስ በሚሸሽበት ሰዓት እነርሱ ጢሱን ፈልገው ይሄዱ ነበር ማለት ነው። አይሮፕላኑ አስቀድሞ በእሳቱ አጠገብ ጢሱን በወርዱ ያቋርጣል፤ ከዚያም ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ራቅ እያለ ደግሞ ደጋግሞ ያቋርጣል። እንደዚህ የሚያደርጉት ጢሱ እየራቀና እየቈየ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። በሚከተለው ዓመት በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት፤ ናሳ፤ ዲሲ 8 የሚባለውን አይሮፕላኑን ለዚሁ ሥራ አሰማርቶ ነበር።

ሜዳ ላይ የሚነደውን እሳት እንደ ልብ መቈጣጠር ስለማይቻል፤ በቤት ውስጥም የሚመረምሩበት ስፍራ አላቸው። በሞንታና ግዛት በሚዙላ ከተማ የደን መሥሪያ ቤት የእሳት መመርመሪያ ቤት አለ። በዚያ ቤት ቁመቱ 22 ሜትር የሆነ ትልቅ አዳራሽ ተሠርቷል። በ2016 ዓ.ም. ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተሰበሰቡ መርማሪዎችና ተማሪዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ የጥድ ዓይነት ዛፎችን ቅጠልና ቅርንጫፍ፤ ቍጥቋጦና የበሰበሰ እንጨትን በየተራው እያነደዱ ከመቶ ጊዜ በላይ ጢሱን መረመሩ። ከዚህ ዓይነት ምርመራ የተገኘው አንዱ ዕውቀት ለአገራችን ሴቶች እንግዳ አይደለም። ነበልባል ያለው እሳትና እየጤሰ ብቻ የሚቃጠል እሳት የሚያወጡት ጢስ አንድ አይደለም፤ ነበልባል ያጣው፤ እየተብላላ የሚጤሰው፤ ከአንድ ኪሎ እንጨት የሚያወጣው የጢስ ብናኝና መርዝ እጅግ ይበዛል። እርጥብ እንጨት ማግዳ ዐይኗ ያለቀሰ ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ተማሪዎቹ ያደረጉት፤ እርሷ በዐይኗ ያወቀችውን በሚዛን መዝነው በቍጥር መጻፍ ነው።

እንግዲህ ጢስ ምንድን ነው? ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እንዲህ ነው። ጢስ አንድ ነገር አይደለም፤ ልዩ ልዩ ጋዝና እጅግ ደቃቅ የሆነ ብናኝ የተቀላቀለበት ነው። ከብናኙ ይልቁንም የሚያሳስበው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ነው። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ ነው። ይህ ብናኝ ከአንዲት የራስ ጠጕር ወደ 30 ጊዜ ያህል የሚቀጥን ስለ ሆነ፤ የአፍንጫ ጠጕርና የጕሮሮ እርጥበት ሊይዙት አይችሉም። እስከ ሳምባ መጨረሻ ይወርዳል፤ ከእርሱም ወገን እጅግ የደቀቀው ወደ ደም ይሻገራል። ስለዚህ ጕዳቱ በሳምባ ብቻ ሳይቀር ወደ ልብም ይደርሳል። የሚቃጠለው ነገርም ዛፍ ብቻ ሳይሆን ቤትና መኪና በሆነ ጊዜ በጢሱ ውስጥ ሌላ መርዝ ይጨመራል፤ በፓራዳይዝ እሳት ጊዜ በተለያዩ ከተሞች አየሩ በተመረመረ ጊዜ እርሳስን የመሰለ ማዕድን ተገኝቶበታል። ደግሞም ጢሱ በሰማይ ላይ ሲጓዝ ከፀሓይ ብርሃን ጋራ እየተገናኘ ይለወጣል፤ ኦዞን የሚባለውንም ሳምባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወልዳል። ስለዚህ የራቀና የሳሳ የመሰለው ጢስ ሁሉ የማይጐዳ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፤ በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር የሚገኘው ይህ ደቃቅ ብናኝ በመካከለኛ ግምት ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ እንደማይገባው ወስኗል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። አንባቢዎቻችን ይህን 15 የሚለውን ቍጥር እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራቸው ነገር በእርሱ የሚለካ ነውና።

በ2017 ዓ.ም. በሞንታና ግዛት ሲሊ ሌክ በምትባል በተራሮች መካከል በምትገኝ ትንሽ ከተማ አጠገብ ሰደድ እሳት ተነሣ። ከተማይቱ በሸለቆ ውስጥ ስላለች ጢሱ ወደ ሸለቆው እየወረደ ተኛባት፤ 49 ቀንም ቈየ። በእነዚያ ቀኖች የብናኙ መጠን በአማካይ 220 ማይክሮግራም ያህል ነበር፤ ይህም ከተወሰነው ልክ ወደ 15 እጥፍ ይደርሳል። የጤና ሹሞች ሕዝቡ ለጊዜው ከተማውን እንዲለቅ መከሩት፤ ነገር ግን ቤትን፤ ከብትንና ሥራን ጥሎ መሄድ ቀላል ስላልሆነ ብዙው ሰው በዚያው ቀረ። የሞንታና ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ወደዚያች ከተማ ሄደው ከነዋሪዎቹ 95 ሰዎችን መዘገቡ፤ የሳምባቸውንም ኀይል በትንፋሽ መለኪያ ለኩ። በዚያን ጊዜ ከመቶው ወደ 10 የሚሆኑት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ከተገቢው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ሥራው አልቋል ብለው ቢመለሱ ኖሮ፤ ጢሱ ብዙ ጕዳት አላደረሰም ተብሎ በተጻፈ ነበር። ነገር ግን በዓመቱ ተመልሰው ሄዱ። ጢስ የሌለበት ዓመት አልፎ ሳለ ለሁለተኛ ጊዜ በለኩ ጊዜ፤ ከተገቢው ልክ በታች የሆኑት ከመቶ 46 ያህል ሆነው አገኟቸው። በሁለተኛውም ዓመት ደግሞ ሄዱ፤ ቍጥሩ ትንሽ ተሻሽሎ ከመቶ 34 ያህል ሆነ፤ ወደ መጀመሪያው ግን አልተመለሰም። ይህ ምርመራ በ2020 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ጢስ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ተማሪና መምህር ታግሠው በተመላለሱ ጊዜ ግን ከሄደም በኋላ ዕዳ ትቶ እንደሚሄድ ታወቀ።

የሕፃናትን ነገር በተመለከተ ደግሞ አንድ ሌላ ምርመራ አለ። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ካሊፎርኒያ መብረቅ ብዙ ሰደድ እሳት ባስነሣ ጊዜ ጢሱ በዴቪስ ከተማ ላይ ወረደ። በዚያ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በሜዳ ላይ በተከለለ ስፍራ የሚኖሩ ጦጣዎች ነበሩ፤ በዚያው ዓመትም የተወለዱ ግልገሎች ነበሯቸው። ግልገሎቹ እንደ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ያንን ጢስ ተነፈሱ። መርማሪዎቹ ግልገሎቹን እስኪያድጉ ጠብቀው በሦስት ዓመታቸው በለኳቸው ጊዜ፤ ጢስ በሌለበት በሚከተለው ዓመት ከተወለዱት ይልቅ የሳምባቸው መጠን ያነሰ፤ በሽታን የሚከላከለውም የሰውነታቸው ኀይል የተለወጠ ሆኖ ተገኘ። ጦጣ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሳምባው የሰውን ሳምባ ስለሚመስል ሐኪሞች ይህን በታላቅ ጥንቃቄ ይመለከቱታል። ከላይ ለጠቀስነው ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ነገሩ ሁሉ አብሮ አያልቅም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መስኮት መዝጋት ይጠቅማልን? ይህን ያወቁት በአይሮፕላን ወይም በትልቅ አዳራሽ አይደለም። በካሊፎርኒያ ብዙ ሰዎች የአየሩን ንጽሕና የሚለካ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ እየገዙ አንዳንዱ ከቤቱ ውስጥ፤ አንዳንዱ ከደጁ አኑረው ነበር። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ለዶክቶር ማዕርግ ይማር የነበረ አንድ ተማሪ ከመምህሮቹና ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ከ1 ሺ 4 መቶ በሚበልጡ ሕንፃዎች የተመዘገበውን ቍጥር ሰብስቦ መረመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፤ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ብቻ ያኖረው ትንሽ መሣሪያ በአንድነት ሲቈጠር ትልቅ ዕውቀት ሆነ። በ2021 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ምርመራ፤ ጢስ በሌለበት ቀን ከደጅ ካለው ብናኝ ከመቶው 40 ያህሉ ወደ ቤት ይገባ እንደ ነበረ፤ ጢስ ባለበት ቀን ግን ሰዎች መስኮታቸውን ስለ ዘጉና አየራቸውን ስላጣሩ ወደ 20 ዝቅ እንዳለ ታወቀ። ይሁን እንጂ የደጁ ጢስ እጅግ ስለ በዛ፤ በቤት ውስጥ የነበረው ብናኝ በጢሱ ቀን ከዘወትሩ ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ መስኮት መዝጋት ግማሹን ጢስ ይመልሳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጢሱ ከገባ በኋላስ? በ2022 ዓ.ም. በሜሪላንድ ግዛት ለምርመራ ተብሎ በተሠራ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ፤ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ተቋሞች መርማሪዎች የጥድ እንጨት ጢስ ሆን ብለው አስገቡና የሚሆነውን ተመለከቱ። የጢሱ ጋዝ በግድግዳው፤ በወለሉና በዕቃው ላይ ተጣብቆ ተቀመጠ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ አየሩ ተመልሶ ይወጣ ጀመር። መስኮት ሲከፍቱ ይቀንሳል፤ ሲዘጉ ይመለሳል። ብልሐት ሆኖ የተገኘው፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፤ አቧራውን መጥረግና ዕቃውን መጥረጊያ በነካው ቍጥር ማጽዳት ነበር። ይህ ሁሉ ታላቅ መሣሪያ በመጨረሻ የመሰከረው አያቶቻችን ስለ ቤት ንጽሕና ይሉት ለነበረው ነገር ነው።

ለድኻም ለሀብታምም የሚሆን አንድ ሌላ ብልሐት ደግሞ አለ። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ጊዜ፤ ሪቻርድ ኮርሲ የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ጂም ሮዘንታል የተባሉ የአየር ማጣሪያ ሠሪ፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል የአየር ማጣሪያ ሣጥን ዐሰቡ። አራት ማዕዘን የሆኑ ሜርቭ 13 የሚባሉ አራት ማጣሪያዎች እንደ ግድግዳ ቆመው በፕላስተር ይያያዛሉ፤ ከሥር ካርቶን ይደረጋል፤ ከላይም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይቀመጣል። ማራገቢያው አየሩን በማጣሪያዎቹ በኩል ስቦ ንጹሑን ወደ ላይ ያወጣዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ይህን ሣጥን እየሠሩ ለትምህርት ቤቶች ሰጥተዋል፤ በጢስ ጊዜም ይኸው ሣጥን ያገለግላል። ማጣሪያው ነጭ ሆኖ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቍሮ ሲወጣ ያየች እናት፤ ያ ጥቍረት በልጇ ሳምባ ውስጥ ሊገባ የነበረ መሆኑን ያለ አስተማሪ ትረዳዋለች።

በአሜሪካን አገር በምዕራብ በኩልም ሆነ በሌላ ስፍራ ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው አንባቢዎቻችን ሊጽፉላቸው የሚገባውን ምክር በአጭሩ ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

አንደኛ፤ በጢስ ቀን መስኮትና በር ይዘጋ፤ ከቤቱም አንድ ክፍል ተመርጦ ማጣሪያ ይደረግበት፤ ሕፃናት፤ ነፍሰ ጡሮች፤ ሽማግሎችና የአስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው በዚያ ይዋሉ፤ በዚያም ይደሩ።

ሁለተኛ፤ ከቤት መውጣት ግድ በሆነ ጊዜ ኤን 95 የሚባለው የፊት መሸፈኛ በፊት ላይ በደንብ ገጥሞ ይደረግ። ነጠላን ወይም እርጥብ ጨርቅን በአፍንጫ ላይ መያዝ ልማድ ቢሆንም ደቃቁን ብናኝ አይከለክለውም።

ሦስተኛ፤ በጢስ ቀን በቤት ውስጥ ሌላ ጢስ አይጨመር። መጥበስ፤ ሻማ ማብራትና ሲጋራ ማጤስ ይቅር። የጢሱን ሽታ ለማጥፋት ብላ ዕጣን የምታጤስ እናት ሽታውን ትለውጠዋለች እንጂ በልጆቿ ሳምባ ላይ ብናኝ ትጨምራለች፤ ዕጣኑ ሰማዩ እስኪጠራ ይቈይ።

አራተኛ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። መስኮት በተዘጋበት ቤት ከሰል ከቶ አይቀጣጠል። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታና መልክ የሌለውን መርዝ ያወጣል፤ የአየር ማጣሪያም ይህን ጋዝ አይዝም። ለቡና ተብሎ በተዘጋ ቤት የተቀጣጠለ ከሰል ቤተ ሰቡን በሙሉ እንደ ተኛ ሊያስቀረው ይችላል።

አምስተኛ፤ ጢሱ ካለፈ በኋላ መስኮቱ ይከፈት፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ መጋረጃውና አልባሳቱ ይታጠቡ።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ሰደድ እሳት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ነዶ እንደ ነበረ፤ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጓሳው ሣርና አስታው ሲቃጠል ከእስራኤልና ከኬንያ ርዳታ እንደ መጣ የሚታወስ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ብዙውን ሰው የሚጐዳው ጢስ ከተራራ የሚወርደው አይደለም፤ ከማድ ቤት የሚወጣው ነው። የማገዶ እንጨትና የኩበት ጢስ ያንኑ ደቃቅ ብናኝ የያዘ ነው። በሲሊ ሌክ የነበረው ሕዝብ 49 ቀን ተነፍሶት ሳምባው የደከመበትን ዓይነት ጢስ፤ እንጀራ ጋጋሪዋ በየሳምንቱ፤ ወጥ ሠሪዋም በየቀኑ ዕድሜዋን ሙሉ ትተነፍሰዋለች፤ በጀርባዋ ያዘለችውም ሕፃን አብሯት ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ፤ ከእነዚህም 237 ሺ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት እንደ ነበሩ ገምቷል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በእልፍኝ የሚቀመጥ ሰው እንጀራው ሲቀርብለት ጢሱን አያይም። ማድ ቤቱ ከእልፍኙ ራቅ ብሎ የሚሠራው ጢሱ ወደ እልፍኝ እንዳይመጣ ነበር፤ በማድ ቤቱ ውስጥ ለምትቀረው ሴት ግን ማንም አላሰበላትም። እኛም ብንሆን ልጆች ሳለን ከዚያው ከጢሱ መካከል ትኵስ እንጀራ እየተቀበልን ስንሮጥ፤ የሰጠችን ሴት ዐይኗ ስለ ምን ቀይ እንደ ሆነ የጠየቅንበትን ቀን አናስታውስም። ሩቅ አገር ያሉት ተማሪዎች ለ49 ቀን ጢስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሲለኩ ስናይ፤ በገዛ ቤታችን ዕድሜ ልክ የሚጤሰውን ሳንቈጥር መኖራችን ሊያሳፍረን ይገባል።

መድኀኒቱም ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ከቤት ማገዶ ብዙውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለ ሆነ፤ መብራት በገባበት ስፍራ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ከሁሉ ይሻላል። መብራት ባልገባበት ደግሞ፤ የማድ ቤቱ ጣራ የጢስ መውጫ ይበጅለት፤ ምድጃው ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ጭስ ማውጫ ያለው ይሁን፤ እንጨቱ ከመንደዱ በፊት ይድረቅ፤ ሕፃንም እሳት በሚነድበት ሰዓት በማድ ቤት አይዋል። ሹማምንትም አዲስ ትምህርት ቤትና አዲስ መኖሪያ ሲያሠሩ ከእልፍኙ መስኮት አስቀድመው የማድ ቤቱን መስኮት ይጠይቁ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፤ በሳምባ ላይ ያደረ ጕዳት ከቈየ በኋላ ከመመለስ ዛሬ አንድ መስኮት መክፈት ይቀላል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚያጥፍ አንባቢ ጋዜጣውን ካስቀመጠ በኋላ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ ይሂድና፤ እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ከእንጀራ ጋጋሪዋ ጋራ ጥቂት ደቂቃ ይቁም። ከዚያ ሲወጣ ማድረግ የሚገባውን ነገር ሌላ ሰው ሳይነግረው ያውቀዋል።